አንገት ሲታመም የአኩፓንክቸር መርፌ ለምን እጅ ላይ ይተከላል?

ከአንገት ተነሥቶ በትከሻ በኩል እስከ ጣት የሚወርደውንና የሚያቃጥለውን ሕመም ዘመናዊው ሕክምና በአንገት አጥንቶች መካከል የሚወጣው የነርቭ ሥር በዲስክ መንሸራተት ወይም በአጥንት ላይ በሚወጣ ትርፍ እድገት ሲጨቆን የሚመጣ ነው ይላል። የቻይና ባህላዊ ሕክምና ግን ነፋስ፣ ብርድና እርጥበት «ቺ» የተባለውን የሕይወት ኃይልና የደሙን ዝውውር ሲገቱ የሚፈጠር «ቢ» የተሰኘ ሕመም አድርጎ ይመድበዋል።

በዚህ አስተሳሰብ «ቺ» የሚጓዝባቸው መስመሮች ክንድን ከአንገት ስለሚያገናኙ፣ በአኩፓንክቸር፣ ማለትም ቀጫጭን መርፌዎችን በሰውነት ነጥቦች ላይ በመትከል የሚያክመው ሐኪም ከአከርካሪው ግራና ቀኝ «ጂያጂ» በሚባሉት ነጥቦች ላይ መርፌ ከተከለ በኋላ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ባለው «ሄጉ» ላይ ወይም ጡጫ ሲጨበጥ በትንሿ ጣት በኩል በሚወጣው እጥፋት ጫፍ፣ «ሆውሺ» በተባለው ነጥብ ላይ ይጨምራል።

ብዙ ታካሚዎችን የሚያደናግረው «ደ ቺ» የሚባለው ስሜት ነው። መርፌው በተተከለበት ስፍራ የሚሰማ ክብደት፣ መወጠር ወይም ድንዛዜ ሲሆን፣ ሐኪሙ ሆን ብሎ የሚፈልገው ነው። እንደ ኤሌክትሪክ ድንገት ወደ ጣት የሚወረወር ስለታም ሕመም ግን መርፌው ነርቭ መንካቱን ሊያመለክት ስለሚችል፣ ታካሚው በትዕግሥት ሊያልፈው አይገባም፤ ወዲያው መናገር አለበት።

አኩፓንክቸር ለቆየ የአንገት ሕመም እፎይታ ሊሰጥ እንደሚችል ጥናቶች ቢያሳዩም፣ የተንሸራተተን ዲስክ ወደ ቦታው አይመልስም። እጅ ከዛለ፣ አካሄድ ከተንገዳገደ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ መርፌው ይቆይና አስቀድሞ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።