የእምኩሉ ሚስዮን ጣቢያና ከባርነት የወጡት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች

እምኩሉ ከምፅዋ ወደብ በስተምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ በረሃ ላይ የምትገኝ መንደር ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጨረሻ ሩብ የስዊድን ወንጌላዊት ሚስዮን በዚህች መንደር ትምህርት ቤትና ማተሚያ ቤት ያካተተ ጣቢያ ነበረው። ጣቢያው በኢትዮጵያ የክርስትና ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ ያገኘው በተማሪዎቹ ምክንያት ነው። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ከቤተ ሰቦቻቸው ተነጥቀው፣ ከገበያ ገበያ ተሸጠው፣ ባሕር ሊሻገሩ ሲሉ ነፃ የወጡ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የሚስዮኑ የመጀመሪያዎቹ መልእክተኞች በ1866 ምፅዋ ሲደርሱ ዓላማቸው ወንጌልን ለኦሮሞ ሕዝብ ማድረስ ነበር፤ ይሁንና ወደ መሀል አገር የሚወስደው መንገድ ስለተዘጋባቸው ለጊዜው በኩናማ ምድር ሥራ ጀመሩ። በዚያም አንዳንዶቹ በበሽታ አለቁ፣ አንዳንዶቹም ተገደሉ፤ የተረፉት ወደ ምፅዋ ተመለሱ። ከባርነት የተፈቱትን ልጆች ሰብስበው ማስተማር የጀመሩት ከዚህ ሽንፈት በኋላ ነው። ሊደርሱበት ካልቻሉት አገር ልጆቹ ራሳቸው ወደ እነርሱ መጥተው ነበርና።

ከእነዚህ ልጆች መካከል ስማቸው ከሁሉ ይበልጥ የሚነሣው ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። በ1850ዎቹ አጋማሽ በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ተወልደው ሂካ ተባሉ። አባታቸውን በሕፃንነታቸው አጡ፤ ብዙም ሳይቆይ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወድቀው ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጡ ምፅዋ ደረሱ። በ1870 የስዊስ ተወላጁ ቨርነር ሙንትዚንገር ነፃ አውጥቶ ለስዊድን ሚስዮናውያን አስረከባቸው። በ1872 ሲጠመቁ የተሰጣቸው ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የሚማልድለት፣ ከጌታው የኮበለለው አገልጋይ ስም ነው። ከዚያም ወደ ስዊድን ተልከው በዮሐንስሉንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት ለአምስት ዓመት ተማሩ።

በ1881 ሲመለሱ ወደ ትውልድ አገራቸው የሚገቡበትን መንገድ ፈለጉ። የመጀመሪያው ጉዞ በሱዳን በኩል ነበር፤ በድንበሩ አጠገብ እስካለችው ፋማካ ድረስ ከተጓዙ በኋላ መንገዱ ስላላስኬዳቸው፣ የማህዲስቶች (ራሱን ማህዲ ብሎ የተነሣው የሱዳን መሪ ተከታዮች) ዐመፅ በተቀጣጠለበት ወቅት ወደ ካርቱም ለመመለስ ተገደዱ። በሁለተኛው ሙከራ በ1886 እንጦጦ ደረሱ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ግን፣ አፄ ዮሐንስ የውጭ ሚስዮናውያን በአገር ውስጥ እንዳይሠሩ ከልክለው ስለነበር፣ ማለፊያ አልሰጧቸውም። ኦኔሲሞስ ዳግመኛ ወደ በረሃው መንደር ተመለሱ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ባለቤታቸው ምሕረት ኃይሉ በሞት ተለዩዋቸው።

የኦኔሲሞስ ተስፋ ምን ዓይነት እንደነበረ የሚታየው በዚህ የመከልከል ዘመን ይመስለኛል። መንገዱ የሚከፈትበት ቀን ሳይታወቅ፣ ለዚያ ቀን የሚሆነውን መጽሐፍ ማዘጋጀት ጀመሩ። ሆኖም ሥራው እንደተጀመረ አንድ ከባድ ችግር ገጠማቸው። ከአገራቸው የወጡት በልጅነታቸው ስለነበረ ለትርጉሙ የሚያስፈልገው የኦሮምኛ ሀብት በእጃቸው አልነበረም፤ ባርነት ከቤተ ሰብ ጋር ቋንቋንም ነጥቋቸው ነበር።

ይህን ጉድለት ከሁሉ ይበልጥ የሞሉት አስቴር ጋኖ ናቸው። አስቴር ከሊሙ ተፈንግለው ወደ የመን ሊሻገሩ ሲሉ በ1886 የኢጣልያ ባሕር ኃይል መርከቡን ይዞ ነፃ ያወጣቸው ወጣት ሲሆኑ፣ በእምኩሉ ትምህርት ቤት ሲገቡ ለቋንቋ ያላቸው ተሰጥኦ ወዲያው ታወቀ። ገና ያልደበዘዘ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ይዘው ወደ 15,000 የሚጠጉ ቃላት ያሉት መዝገበ ቃላት በማዘጋጀት ለትርጉሙ መሠረት ጣሉ፤ ከትዝታቸውና ከጓደኞቻቸው አፍ 500 ያህል የኦሮሞ ዘፈኖች፣ ተረቶችና ምሳሌያዊ አነጋገሮችም ሰበሰቡ። ከነዚህም የተወሰኑት በ1894 እዚያው እምኩሉ በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል። ከአገሯ ተነጥቃ የመጣች ወጣት የሕዝቧን ቃል ከስደት ምድር ላይ ቆማ በጽሑፍ ማኖሯ፣ እንደ እኔ እምነት፣ ከራሱ ከትርጉሙ ሥራ ጋር እኩል ሊታወስ የሚገባው ነው።

አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ማተሚያ ቤት ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በባዝል አቅራቢያ በሚገኘው በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። ይህ ሁሉ ሲሠራ ኦኔሲሞስ ገና ወደ ትውልድ አገራቸው አልገቡም።

በ1898 ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል የተባሉ የሐማሴን ተወላጅ ቄስ በወለጋ ቦጂ ሰፍረው ማስተማር ጀመሩ። ኦኔሲሞስ ከአስቴርና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በ1904 ነቀምት ሲገቡ፣ የአገሩ ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) በክብር ተቀበሏቸው፤ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ የሚሰጠው ትምህርትና ስብከት ግን ከአካባቢው ካህናት ተቃውሞ አስነሣ። በ1906 ኦኔሲሞስ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ተከስሰው ከአገር እንዲወጡ ሲፈረድባቸው፣ አፄ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ፣ ነገር ግን እንዳይሰብኩ አዘዙ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የናፈቁትን ምድር ረግጠው አፋቸው የተዘጋባቸው ኦኔሲሞስ ለአሥር ዓመት ያህል ማስተማርን ብቻ ይዘው ቆዩ። ልጆች ማንበብ ተማሩ፤ የሚያነቡትም ኦኔሲሞስ ራሳቸው የተረጎሙትን መጽሐፍ ነበር።

በ1916 ልጅ ኢያሱ የስብከት ፈቃድ ሰጡ። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላም ፈቃዱ ስላልተሻረ ኦኔሲሞስ ሰኔ 21 ቀን 1931 እስካረፉ ድረስ ሰበኩ። በ1959 በተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዘንድ ከቀደምት አባቶች አንዱ ሆነው ይታሰባሉ፤ በምዕራብ ወለጋ አይራ ያለው የነገረ መለኮት ሴሚናሪም በስማቸው ተሰይሟል። አስቴር ጋኖ ከእርሳቸው በኋላ 33 ዓመት ኖረው በ1964 አረፉ።