ሬይድ ቅየራ ምንድን ነው? መሃል ላይ ሲቋረጥስ መረጃው የት ይገባል?

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬም ሆነ በለገጣፎ የሚሠሩ የሰርግ ቪዲዮ ስቱዲዮዎች ጥር ሲወጣ አንድ ዓይነት ጭንቀት ይይዛቸዋል፤ ሃርድ ዲስኩ ሞልቷል። የሰርጉና የመልሱ ቀረጻ ገና አልተቀናበረም፣ ሙሽሮቹ ደግሞ በየቀኑ ይደውላሉ። ሦስት ዲስኮችን በአንድ ሳጥን አጣምሮ የሚጠቀም ባለ ስቱዲዮ አራተኛ ዲስክ ይገዛና ቦታውን እንዲያሰፋለት ሳጥኑን ያዘዋል። በዚያች ሰዓት የሚጀመረው፣ ያለውን መረጃ በአራቱም ዲስኮች ላይ እንደገና የመደርደር ሥራ ሬይድ ቅየራ ይባላል። ዲስኮቹ ትልልቅ ከሆኑ ቀናት ይፈጃል። ከከተማው ዳር እነዚያ ቀናት መብራት ሳይጠፋ ያልፋሉ ብሎ የሚወራረድ ሰው አላውቅም።

ሬይድ ርካሽ ዲስኮችን አሰባስቦ እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ የማሠራት ዘዴ ነው። ስሙን ያገኘው ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ደረጃዎች አሉት። ደረጃ 0 መረጃውን ለዲስኮቹ ያከፋፍላል፤ አንዱ ከሞተ ሁሉም ይጠፋል። ደረጃ 1 አንዱን መረጃ በሁለት ዲስክ ይጽፋል። በስቱዲዮዎቹ ሳጥኖች ውስጥ የሚበዛው ደረጃ 5 ግን መረጃውን እየቆራረጠ በረድፍ ይደረድርና በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ፓሪቲ የሚባል የማካካሻ ቁራሽ ይጨምራል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንዱ ቁራሽ 1፣ ሌላው 0 ከሆነ ፓሪቲው 1 ይሆናል፤ ሁለቱም 1 ከሆኑ 0 ይሆናል። ከሦስቱ አንዱ ቢጠፋ የቀሩት ሁለቱ የጠፋውን ይናገራሉ። ሁለት ዲስክ በአንድ ጊዜ ከሄደ ግን ስሌቱ አይሠራም።

ወደ ቅየራው እንመለስ። በሦስት ዲስክ እያንዳንዱ ረድፍ ሁለት የመረጃ ቁራሽ ይይዛል፤ በአራት ዲስክ ሦስት። ስለዚህ በአሮጌው አደራደር የመጀመሪያው ረድፍ ቁራሽ 1 እና 2ን፣ ሁለተኛው 3 እና 4ን፣ ሦስተኛው 5 እና 6ን ይዟል። አዲሱ የመጀመሪያ ረድፍ 1፣ 2 እና 3ን፣ ሁለተኛው 4፣ 5 እና 6ን መያዝ አለበት። ችግሩ አዲሱ ረድፍ የሚጻፈው በዚያው በአሮጌው ረድፍ ስፍራ ላይ መሆኑ ነው። ሁለተኛው አዲስ ረድፍ ሲጻፍ ብቸኛው የቁራሽ 4 ቅጂ የሚደመሰሰው ስፍራ ላይ ተቀምጧል። ልክ በዚያች ቅጽበት መብራት ቢጠፋ ቁራሽ 4 የለም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲደረስ ግን የሚደመሰሱት 5 እና 6 ቀድመው ተዛውረዋል፤ ከዚያ በኋላ ንባቡ ጽሕፈቱን እየቀደመ ስለሚሄድ አደጋው ያልፋል። ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ላይ ሬይድን የሚያስተዳድረው ኤምዲ አድም የተባለው ፕሮግራም የመጀመሪያዎቹን ረድፎች በሌላ ዲስክ ላይ በመጠባበቂያ ፋይል እንዲቀመጡ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። አዳዲሶቹ እትሞች የመረጃውን መነሻ ፈቀቅ በማድረግ ያለ ፋይሉ መሥራት ይችላሉ።

እንግዲህ ሥራው መሃል ላይ ቆመ እንበል። 300 አዲስ ረድፍ ተጽፏል ማለት 900 ቁራሽ ተዛውሯል፤ እነዚያ 900 ቁራሾች በአሮጌው አደራደር እስከ 450ኛው ረድፍ ድረስ የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ዲስኮቹ ላይ አሁን ሁለት አደራደር አለ፦ እስከ 300 አዲሱ፣ ከ451 ጀምሮ አሮጌው። በመካከላቸው ያሉት 150 ረድፎች አስቀድመው የተዛወሩ ቁራሾች ትርፍ ቅጂ ናቸው። ማንኛውም ተራ የፋይል ማግኛ ፕሮግራም ይህን አያውቅም፤ ዲስኩን በአንድ አደራደር ብቻ ያነብና ግማሹን ቆሻሻ አድርጎ ያሳያል። ባለ ስቱዲዮውም «ሁሉም ጠፋ» ይላል። መረጃው ግን አለ፤ የጎደለው የድንበሩ ቁጥር ነው። እርሱም ብዙ ጊዜ በየዲስኩ ላይ፣ ሱፐርብሎክ በሚባለው መዝገብ ውስጥ፣ ቅየራው የደረሰበት ስፍራ ተብሎ ተጽፎ ይገኛል።

በእኔ ግምት በቅየራው መቋረጥ ከሚጠፋው መረጃ ይልቅ በቀጣዩ አንድ ሰዓት ውስጥ በእጅ የሚጠፋው ይበልጣል። ሳጥኑ ሲነሣ «ዲስኮቹ አልታወቁም፣ እንደ አዲስ ይዘጋጁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የቸኮለ ሰው «አዎ» ይላል፤ መዝገቡም ይደመሰሳል። ሌላው ሰው የፋይል ሥርዓቱን (ፋይሎቹ የት እንዳሉ የሚይዘውን ማውጫ) የሚጠግነውን ፕሮግራም ያስነሣል፤ መጠገኛው በተዛባ አደራደር ላይ «ስህተት» ያየውን ሁሉ እያረመ ደህናውን ያበላሻል። ሦስተኛው ዲስኮቹን ነቅሎ ቅደም ተከተላቸውን ሳይጽፍ በፌስታል ይዟቸው ይመጣል።

ትክክለኛው አካሄድ አሰልቺ ነው። ሳጥኑ ይጠፋል፤ በየዲስኩ ላይ የነበረበት ቀዳዳ ቁጥር ይጻፋል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ዲስክ ዲዲሬስኪው በሚባለው ፕሮግራም ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣል። ይህ ፕሮግራም መጀመሪያ ደህናውን ስፍራ ያነባል፣ አስቸጋሪውን ወደ መጨረሻ ያቆያል፤ የደረሰበትን በካርታ ፋይል ስለሚመዘግብ መብራት ቢጠፋም ካቆመበት ይቀጥላል። አራት ዲስክ ለመገልበጥ ቢያንስ ያን ያህል ባዶ ቦታ መግዛት ግድ ነው፤ ደንበኞች የሚያጉረመርሙትም እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ የአራቱም መዝገቦች ይነበባሉ፤ የደረሱበት ስፍራና የክንውን ቆጣሪያቸው፣ ማለትም በዲስኮቹ ስብስብ ላይ ለውጥ ሲመዘገብ የሚጨምረው ቁጥር፣ ይነጻጸራል። ቆጣሪው ወደኋላ የቀረ ዲስክ ቀድሞ የወደቀ ነው፤ እርሱን ትቶ በሦስቱ መሥራት ይቻላል። መዝገቦቹ ከተስማሙ ስብስቡ በቅጂዎቹ ላይ ይገጣጠማል፤ ጽሕፈቱ ሁሉ ወደ ጊዜያዊ ፋይል እንዲሄድ ይደረግና ዲስኮቹ ሳይነኩ ይሞከራል። መዝገቡ ከተደመሰሰ ባለሙያው ሁለቱን አደራደሮች ለየብቻ አቁሞ ድንበሩን ይፈልጋል፤ ያ ትርፍ ክፍል በሁለቱም አደራደር አንድ ዓይነት ይዘት ስለሚያሳይ የሚመራው እርሱ ነው።

ተሳክቷል የሚባለው መቼ ነው? ትንሽ ፎቶ መከፈቱ ምንም አያረጋግጥም። በሊኑክስ የተለመደው የቁራሽ መጠን 512 ኪሎባይት ስለሆነ ከዚያ ያነሰ ፎቶ በአንድ ቁራሽ ውስጥ ሊያድርና የዲስኮቹ ቅደም ተከተል ተሳስቶም ሊከፈት ይችላል። የሚፈትነው የሰዓታት ርዝመት ያለው የሰርግ ቀረጻ ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቁራሾችን ያቋርጣል። ከመጀመሪያው፣ ከድንበሩ አካባቢና ከመጨረሻው የተወሰዱ ትልልቅ ቪዲዮዎች ሳይቆራረጡ ከተጫወቱ ስብስቡ ለንባብ ብቻ ተከፍቶ ሁሉም ወደ ሌላ ዲስክ ይወጣል። አራተኛውን ዲስክ የመጨመሩ ሥራ እንደገና የሚሞከረው ከዚህ በኋላ፣ ሳጥኑ ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል ከሚሰጥ ባትሪ) ጋር ከተያያዘና የቀረጻዎቹ ሁለተኛ ቅጂ ከሳጥኑ ውጭ ከተቀመጠ ነው።