የጅማ በጀት ለጅማ ነጋዴ? ስለ ከተማ ግዥ የሚወራው እና እውነታው

ጅማ ውስጥ የአንድ ትልቅ ጨረታ አሸናፊ በታወቀ ቁጥር ወሬው ያው ነው። «ብራችን አዲስ አበባ ሄደ!» አጂፕ ሰፈር ቡና የሚጠጣውም፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ ሱቅ ከፍቶ የተቀመጠውም እንዲህ ይላል። ቁጭቱ ይገባኛል። ግብሩን የምንከፍለው እዚህ፣ ዴስኩና ዩኒፎርሙ ግን 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጭኖ የሚመጣ ከሆነ ማን ደስ ይለዋል? ብቻ ቁጭቱ ላይ ብዙ የተሳሳተ ነገር ተደራርቦበታል። ሰዉ የሚከራከረው በጨረታ ለአገር ውስጥ ስለሚሰጠው ቅድሚያ ነው፤ የጅማን አምራች ከጨረታ የሚያስወጣው ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው ያለው። አንድ በአንድ እንያቸው።

«ቅድሚያ ማለት ለአገር ልጅ ያለ ውድድር መስጠት ነው»

አይደለም። ቅድሚያ የሚባለው የሒሳብ አሠራር ነው። ዋጋ ሲወዳደር ብቻ ይሠራል፣ ክፍያ ላይ ሲደረስ የለም።

በፌደራሉ የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 መሠረት የወጣው የ2002 መመሪያ አገር ውስጥ ለተመረተ ዕቃ 15 በመቶ፣ ለአገር ውስጥ መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ 25 በመቶ፣ ለኢትዮጵያውያን የግንባታና የማማከር ድርጅቶች ደግሞ 7.5 በመቶ ልዩነት ሰጥቶ ነበር። አዋጁ በኋላ በ1333/2016 ተተክቷል። ስለዚህ አንድ ጨረታ ላይ የሚሠራው መቶኛ ስንት እንደሆነ የምታዩት ከሰው አፍ ሳይሆን ከራሱ ከጨረታ ሰነዱ ላይ ነው። የአሠራሩ መንፈስ ግን ያው ነው።

በዚያው በ15 በመቶው በምሳሌ እንየው። ከተማው የተማሪ ዴስክ ሊገዛ ነው እንበል። ከውጭ ያስመጣው ነጋዴ 1,000,000 ብር አለ። እዚሁ ጅማ የሚሠራው እንጨት ቤት 1,120,000 አለ። ጨረታውን የሚገመግመው ኮሚቴ የአስመጪው ዋጋ ላይ 15 በመቶ ይደምርና ለውድድር ያህል ብቻ 1,150,000 አድርጎ ይቆጥረዋል። እንጨት ቤቱ አሸነፈ ማለት ነው። የሚከፈለው የጠራውን 1,120,000 ነው፣ ሳንቲም አይጨመርለትም። ያው እንጨት ቤት 1,160,000 ብሎ ቢሆን ኖሮ ግን ተሸንፎ ወደ ቤቱ ነበር። የአገር ልጅነቱ ከዚህ በላይ አያስኬደውም።

ያለ ውድድር ከሚሰጥ ነገር ጋር የሚቀራረበው ሌላ ዓይነት አሠራር ነው፣ እሱም ድርሻ መመደብ ይባላል። ኬንያ ከመንግሥት ግዥዋ 30 በመቶውን ለወጣቶች፣ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ድርጅቶች መድባለች። እዚያም ቢሆን የተመደበላቸው እርስ በርሳቸው ይወዳደራሉ።

«ንግድ ፈቃዱ የጅማ ከሆነ ዕቃውም የጅማ ነው»

ይህቺ በጣም የተለመደች ናት። ሰዎች ሻጩንና ዕቃውን አንድ አድርገው ያያሉ።

መርካቶ ያለ ሱቅ ከቻይና የመጣ የፕላስቲክ ወንበር ሊሸጥ ይችላል። ባለቤቱ የጅማ ተወላጅ ነው፣ ቲን ቁጥሩ የጅማ ነው፣ ግብሩን እዚሁ ይከፍላል። ወንበሩ ግን የውጭ ዕቃ ነው። የዕቃ ቅድሚያ የሚሰጠው በዕቃው መነሻ ስለሆነ ይሄ ሰው 15 በመቶዋን አያገኝም። በ2002ቱ የፌደራል መመሪያ አንድ ዕቃ የአገር ውስጥ ምርት የሚባለው ከዋጋው ከ35 በመቶ በላይ የሚሆነው ኢትዮጵያ ውስጥ የተጨመረ እሴት ሲሆን ነበር። ወንበሩ ሳይገጣጠም መጥቶ እዚህ ብሎን ስለታሰረለት አገርኛ አይሆንም።

አሁን ደግሞ ገልብጡት። በአገሩ ሁሉ ስሟ የታወቀውን የጅማ በርጩማ እዩ፣ ከአንድ ግንድ ተጠርባ ሦስት እግር የምታወጣውን። እንጨቱ የዚሁ አካባቢ፣ ጠራቢው የዚሁ ሰው፣ ቀለምና ዘይቱን የሚቀባው ልጅ እንኳ የጠራቢው ጎረቤት ነው። ለከተማው ገንዘብ እዚሁ መዞር ከሆነ የምንጨነቀው፣ ከበርጩማዋ ላይ የሚቀረውና ከፕላስቲክ ወንበሩ ላይ የሚቀረው አይወዳደርም። ከወንበሩ ጅማ የሚቀረው የሱቁ ትርፍ ነው፣ ሌላው መልሶ ይወጣል። ስለዚህ «ለጅማ ነጋዴ ይሰጥ» የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ለሚሸጠው?» ብዬ ነው።

«የአገር ውስጥ የሚለው ቃል ጅማን ነው»

አይ፣ ኢትዮጵያን ነው። ሕጉ ፊት የአዳማውም፣ የሐዋሳውም፣ የጅማውም አምራች እኩል የአገር ውስጥ ነው።

በ2002ቱ መመሪያ ለተደራጁ ጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች የተሰጠችው 3 በመቶም ከየት ነህ ብላ አትጠይቅም ነበር። ዴስኩ ላይ አንድ ትልቅ የአዲስ አበባ ፋብሪካ 1,090,000 ብሎ ገባ እንበል። እሱም አገር ውስጥ ስለሚያመርት የጅማው እንጨት ቤት በ15 በመቶው አይበልጠውም። በማኅበር የተደራጀ ጥቃቅን ከሆነ ግን የፋብሪካው ዋጋ በ3 በመቶ ተጨምሮ 1,122,700 ይሆንና የእኛው በ2,700 ብር ያልፋል። ያለፈው ታዲያ ትንሽ ስለሆነ ነው እንጂ ጅማ ስላለ አይደለም። የአዲስ አበባ ጥቃቅን ቢመጣበት እኩል ለእኩል ናቸው።

«የዩኒቨርሲቲውም የከተማውም ግዥ በአንድ ሕግ ነው»

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የፌደራል ተቋም ነው፣ በፌደራሉ አዋጅ ይገዛል። የከተማ አስተዳደሩ የኦሮሚያ ነው፣ በክልሉ የግዥ ሕግ ይሄዳል። ከላይ የጠቀስኳቸው ቁጥሮች የፌደራሉ ናቸው። ክልሎች በአብዛኛው የቀረጹት ያንኑ አይተው ቢሆንም፣ ለከተማው ጨረታ የምትገቡ ከሆነ የክልሉን መመሪያ ጠይቁ። የአንዱን ጠቅሳችሁ ሌላው ዘንድ ብትከራከሩ ገና ከበሩ ትመለሳላችሁ።

«የእኛ ሰው ሥራ ጥራት የለውም»

ይሄን የምሰማው ከራሳችን ሰው ነው፣ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው አልልም። ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ገጥሞ ያስረከበ አለ። ዴስኩ ክረምት ሳያልፍ ይጣመማል፣ ጠረጴዛው መሐል ላይ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በኋላ መምህሩም ርዕሰ መምህሩም «የአገር ውስጥ» ሲባሉ ፊታቸውን ያዞራሉ። አይፈረድባቸውም።

ግን የጨረታ ሰነዱን ክፈቱና ስፔስፊኬሽን (የዕቃው ዝርዝር መስፈርት) የሚለውን ገጽ አንብቡት። ብዙ ጊዜ ከአንድ አስመጪ ካታሎግ የተገለበጠ ነው። ኤምዲኤፍ (ተፈጭቶ የተጨመቀ እንጨት) ገበታ፣ ይህን ያህል ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ እንዲህ ያለ ቀለም የተቀባ የብረት ቱቦ፣ ለእግሩ እንዲህ ያለ የፕላስቲክ ጫማ። ዋንዛ የሚሠራ ባለሙያ ገና እዚህ ገጽ ላይ ወደቀ። ወንበሩ የተማሪ ልጅን 10 ዓመት ይሸከም ይሆናል፣ ማንም አልጠየቀውማ! ወረቀቱ የጠየቀው ኤምዲኤፍ ነው።

ስፔስፊኬሽን በዕቃው ስም ሳይሆን በሚሰጠው አገልግሎት ቢጻፍ፣ ይህን ያህል ክብደት ይቻል፣ እንጨቱ የደረቀ ይሁን፣ ለዚህ ያህል ጊዜ ዋስትና ይኑረው ቢባል፣ ዋንዛውም ኤምዲኤፉም ይገባሉ፣ እርጥብ ባሕር ዛፉ ደግሞ በዚያው ይወጣል። ይሄ 15 በመቶ ይጨመር ብሎ ከመሟገት የሚቀል ይመስለኛል። የሚያስፈልገው ጻፊው ከቢሮ ወጥቶ አንድ እንጨት ቤት ገብቶ «ኦቦ፣ ይሄ ስንት ቀን ደርቆ ነው የሚገጠመው?» ብሎ መጠየቁ ነው።

«ትንሹ የሚሸነፈው በዋጋ ነው»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ትንሹ አምራች ብዙ ጊዜ ዋጋው እስኪነበብ ድረስ አይቆይም።

መጀመሪያ ሲፒኦ፣ ማለትም ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ አለ። ለጨረታ ማስከበሪያ ብር ባንክ አስይዞ መቀመጥ ለትልቁ ምንም አይደለም፣ ለእንጨት ቤቱ ግን የጣውላ መግዣው ያ ነው። የሚገርመው በ2002ቱ የፌደራል መመሪያ የተደራጁ ጥቃቅንና አነስተኛ ከአደራጃቸው መሥሪያ ቤት የዋስትና ደብዳቤ ካመጡ ሲፒኦ አይጠየቁም ነበር። የጨረታ ሰነዱንም በነፃ ይወስዱ ነበር። ይሄን የማያውቅ ማኅበር ሞልቶ ነበር።

ቀጥሎ ጥቅሉ አለ። ዴስክ፣ የቢሮ ወንበር፣ የብረት ሼልፍና መጋረጃ በአንድ ሎት ታስረው ይወጣሉ። ሁሉንም ማቅረብ የሚችለው ነጋዴ ነው እንጂ አምራች አይደለም። መጋረጃ የሚሰፋ አናጺ የት አይታችኋል? ሎቱ ተበትኖ ዴስኩ ለብቻው ቢወጣ ቅድሚያ የሚባል ነገር ባይኖር እንኳ የሚገባ ሰው ይገኛል።

ከዚያ ደግሞ ሰኔ አለ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃልና ግንቦትና ሰኔ ላይ «በጀቱ ሊቃጠል ነው» ይባላል። ዓመቱን ሙሉ ዝም ያለ ግዥ በጥቂት ሳምንት ይታወጃል፣ ማስረከቢያውም የቀናት ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚያሸንፈው መጋዘኑ ውስጥ ዕቃ ከምሮ የጠበቀው ነው። አምራች ከትዕዛዝ በኋላ ነው የሚሠራው። በዚያ ላይ የጅማን ሰኔ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ዝናብ ነው፣ እንጨት አይደርቅም። ያ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከየት መጣ ካላችሁ፣ አንዱ መንገድ ይሄ ነው። ግዥው ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ቢወጣ ከፊቱ ያለው በጋ ነው።

መጨረሻ ላይ ክፍያ። ዕቃው ገብቶ፣ ሞዴል (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ተቆርጦ፣ ቼኩ ግን አይመጣም። «ፊርማ ቀርቷል»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። ትልቁ አቅራቢ የሚዘገይበትን ወለድ አስቀድሞ ዋጋው ላይ ጭኖታል፣ ትንሹ ግን ለሠራተኛው የሚከፍለው አጥቶ ሁለተኛ አይለምደኝም ይላል። ከዚያ እኛ «የጅማ ሰው ጨረታ አይገባም» እንላለን።

«ሁሉን ነገር ለከተማ ልጅ ብንገድበው ጅማ ትከብራለች»

አጋሮም፣ በደሌም፣ ቦንጋም እንዲሁ ቢሉ? የጅማ እንጨት ቤትና ማተሚያ ቤት ደንበኛቸው ጅማ ብቻ አይደለም። ዙሪያው ያሉ ወረዳዎችና ከተሞችም ይገዛሉ። እኛ በር ስንዘጋ እነሱም ይዘጋሉ፣ ከተዘጋብን ደግሞ የበለጠ የምንጎዳው እኛ ነን፣ ብዙ የምንሸጥላቸው እኛ ስለሆንን።

ሌላም አለ። ተወዳዳሪው ሦስት ሰው ብቻ ከሆነ ሦስቱ አንድ ካፌ ተቀምጠው ዋጋ ይጨርሳሉ። ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ላይ የሚሆነውን አናውቅም እንዴ? ሦስት ፕሮፎርማ፣ ሦስት ማኅተም፣ ባለቤቱ አንድ። ይሄ በአገር ልጅ ስም ሲሆን ቅድሚያ አይባልም፣ ሌብነት ነው።

«ቅሬታ ያቀረበ ይጠቆርበታል»

ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም፣ ትንሽ ከተማ ውስጥ ሁሉም ይተዋወቃል። ቢሆንም ቅሬታ በሕግ የተሰጠ መብት ነው። በፌደራሉ አሠራር መጀመሪያ የሚቀርበው ለገዢው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ በጽሑፍ ሲሆን፣ ጊዜውም አጭር ነው፣ በአዋጅ 649/2001 ጊዜ 5 የሥራ ቀን ነበር። ብዙ ሰው እነዚህን ቀናት ካፌ ውስጥ ሲያማ ይጨርሳቸዋል።

ስትጽፉ «የከተማው ተወላጅ ሆኜ ሳለ» ብላችሁ አትጀምሩ፣ ማንም አይመዝንላችሁም። የትኛው ገጽ፣ የትኛው ተራ ቁጥር ላይ ምን እንደተጻፈና ኮሚቴው ምን እንዳደረገ ጻፉ። ቅድሚያው ሳይሰላ ከቀረ ሒሳቡን ራሳችሁ ሠርታችሁ አያይዙ። ኮፒውን ስትሰጡ መዝገብ ቤት ቀንና ማኅተም አስመቱበት፣ ያለዚያ «አልደረሰንም» ይባላል።