ፍሪሲዮን የሚያንሸራትተው ሲንተቲክ አይደለም

ደሴ ላይ ሞተር ሳይክልና ባጃጅ ስፈታ ስገጥም ዓመታት አልፈዋል። እስካሁን እንደ ዘይት ሁሉም ሰው «የሚያውቀው» ነገር አላጋጠመኝም። የዘይት መክፈቻው የት እንዳለ ያላየ ሰው ስለ ዘይት ወሬ ሲነሳ ፕሮፌሰር ነው። ሰሞኑን ደግሞ አንዲት ወሬ ተመላልሳ አንገሸገሸችኝ፦ «ሲንተቲክ ሞተር ሳይክል ላይ እንዳታደርግ፣ ፍሪሲዮን ያንሸራትታል።» ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው ነግሮኛል። አንዱማ ጣሳውን ከእጄ ሊቀማኝ ምንም አልቀረው።

ለማያውቅ፦ ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውና የሚለያየው ክፍል ነው፤ ሲንተቲክ ደግሞ እንደ ኖርማሉ ተጣርቶ ብቻ ሳይሆን በፋብሪካ ተቀነባብሮ የተሠራ ዘይት ነው። ወደዚያች ወሬ ከመሄዴ በፊት ትንንሾቹን ላራግፍ።

«ዘይቱ ጠቁሯል፣ ሞቷል።» አልሞተም። ጥላሸቱን ከሞተሩ ውስጥ አንስቶ ይዞ መዞር ሥራው ነው። ልብስ ያጠባችሁበት ውሃ ካልጠቆረ ልብሱ አልታጠበም። ማኪያቶ ከመሰለ ግን ውሃ ገብቶበታልና ያኔ ሮጣችሁ ኑ።

«ቀዩ ዘይት ከቢጫው ይበልጣል።» ቀለም ነው፣ ፋብሪካው ነው የሚጨምርበት። አለቀ።

«ሲንተቲክና ኖርማል ከተቀላቀለ እንደ እርጎ ይረጋል።» አይረጋም። መንገድ ላይ ቢጎድልባችሁና ሱቁ ያለው ሌላ ዓይነት ቢሆን፣ ለሞተር ሳይክል የተሠራ እስከሆነ ጨምሩና ሂዱ። ዘይት በሌለው ሞተር ከመንዳት ይሻላል። ልማድ አድርጋችሁ ስትቀላቅሉ ግን ውዱን በርካሹ እያቀጠናችሁ ነው።

«ሲንተቲክ የዘይት መያዣ ጎማውን (ሲሉን) በልቶ ያንጠባጥባል።» ያ ጎማ ድሮውንም ደርቋል። ቀዳዳውን ደፍኖለት የኖረው ቆሻሻ ነበር፣ አሁን ታጠበ። ጎማውን ቀይሩ።

አሁን ወደ ፍሪሲዮኑ።

ማኑዋል መኪና ላይ ፍሪሲዮኑ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው፣ የሞተር ዘይት አይነካውም። የእኛ ሞተር ሳይክሎች ላይ ግን አንድ ሊትር ገደማ ዘይት የሦስት ሰው ሥራ ይሠራል። ሞተሩን ያለሰልሳል፣ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ያለሰልሳል፣ የፍሪሲዮን ዲስኮቹም እዚያው ውስጥ ተዘፍቀው ይሠራሉ። ዲስኩ ደግሞ መንከስ አለበት። ካልነከሰ ጉልበቱ ጎማው ጋ አይደርስም።

የመኪና ዘይት ፋብሪካዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው አንዳንዱ ዘይት ላይ ፍትጊያ የሚቀንስ ቅመም ይጨምራሉ። ለመኪና ጥሩ ነው። ለእኛ ዲስክ ግን ሳሙና እንደ መቀባት ነው። ልብ በሉ፣ የሚያንሸራትተው ቅመሙ ነው። ሲንተቲክ ማለት ደግሞ ቅመሙ ሳይሆን መሠረቱ፣ ማለትም ዘይቱ ራሱ የተሠራበት መንገድ ነው። ወጡ ያቃጠለው ሰው እንጀራውን አይረግምም። ኖርማል ዘይትም ያ ቅመም ካለበት ያንሸራትታል፣ ሲንተቲክም ከሌለበት አያንሸራትትም።

ወሬዋ ከየት እንደመጣች አልጠፋኝም። አንድ የገጠር ሥራ ያለው ልጅ ባለፈው ክረምት ሞተሩን እየገፋ መጣ። ከኮምቦልቻ ዕቃ ጭኖ ሲመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ ተሸነፈ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 600 ሜትር ሽቅብ ነው።

«ጋሼ፣ ነዳጅ ስሰጠው ይጮሃል እንጂ አይሄድም። ሲንተቲክ ነው ጉድ የሠራኝ» አለኝ።

«ጣሳውን ይዘኸዋል?»

ይዞታል። የአራት ሊትር የመኪና ዘይት ነው፣ መኪና ያለው አጎቱ የተረፈውን «ውድ ነው፣ ተጠቀምበት» ብሎ ሰጥቶታል። ፊቱ ላይ በትልቁ «ፉል ሲንተቲክ» ይላል። ሁሉም የሚያነበው ይህን ነው። ገልብጬ ጀርባውን አሳየሁት። ትንሽ ክብ ማኅተም አለች፤ መሐሏ ላይ የውፍረቱ ቁጥር 5ደብሊው-30፣ ከታች ደግሞ «ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ» ትላለች። ነዳጅ ቆጣቢ ማለት ነው። ጥፋተኛዋ ይቺ የታች መስመር ናት።

የፍሪሲዮኑን ክዳን ስከፍት ዲስኮቹ እንደ መስታወት ያብረቀርቃሉ፣ ሽታቸው የተቃጠለ ነው። ቶሎ ቢመጣ ኖሮ ዘይቱን መቀየር ብቻ ይበቃው ይሆን ነበር። እሱ ግን ሐረጎን እያስጮኸ ወጥቷል። ዲስክ ቀየርን። ከዚያ ምን ዘይት እንዳደረግሁበት ታውቃላችሁ? ሲንተቲክ። ለሞተር ሳይክል የተሠራውን። እስካሁን ይነዳዋል።

ስለዚህ የጣሳውን ጀርባ አንብቡ። የምትፈልጉት «ጃሶ» የሚል ጽሑፍ ነው። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት መለኪያ ነው፣ የተወለደውም በዚሁ የፍሪሲዮን ጣጣ ምክንያት ነው። «ኤምኤ» ካለ ዘይት ውስጥ ለተዘፈቀ ፍሪሲዮን ይሆናል። «ኤምኤ2» ካለ ይበልጥ ይነክሳል። «ኤምቢ» ካለ ግን ተጠንቀቁ፣ እሱ የሚያንሸራትተው ወገን ነው፤ ማርሽ ለሌላቸው፣ በቀበቶ ለሚሄዱ ስኩተሮች የተሠራ ነው። ጣሳው ላይ የሞተር ሳይክል ሥዕል ስላለ ብቻ አትመኑ፣ ኤምቢም ሥዕል አለው።

«ወፍራም ዘይት ሞተር ይጠብቃል» የሚለውም ያናድደኛል፣ ግን ትንሽ እውነት ስላለው እታገሠዋለሁ። 10ደብሊው-40 ሲባል የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ፣ የኋለኛው ሞተሩ ሲግል የዘይቱ ውፍረት ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። 10ደብሊው-40ና 20ደብሊው-40 ሲግሉ አንድ ደረጃ ናቸው። 20ደብሊው በብርድ የሚፈተነው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ነው። ጉጉፍቱ የፈለገውን ያህል ቢበርድ እዚያ አይደርስም! ስለዚህ «ደሴ ብርድ ነው፣ 0ደብሊው ስጠኝ» የሚለኝን ሰው ሻይ ጋብዤ እሸኘዋለሁ። የባቲን ሙቀት ፈርቶ መጽሐፉ ከሚለው በላይ የሚያወፍረውም ያው ነው። ጠዋት ዘይቱ ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ሞተሩ በደረቁ ይፋተጋል። ከሞተሩ ጋር የመጣው መጽሐፍ 20ደብሊው-50 ካለ እሱ ነው፣ 10ደብሊው-30 ካለም እሱ ነው። እኔንም አትስሙ፣ እሱን ስሙ።

«ሲንተቲክ ስላደረግሁ ዓመቱን ሙሉ አልቀይርም።» አይ ወንድሜ። ሲንተቲክ ሙቀት ይችላል፣ ቶሎ አይበላሽም፣ እውነት ነው። አቧራን ግን አያጠፋም። ብዙ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች እንደ መኪና የወረቀት ፊልትሮ የላቸውም፣ ያላቸው የሽቦ ወንፊት ነው። ወንፊቱ ያላስቀረውን ዱቄት የሚያወጣው ዘይቱ ሲደፋ ነው። ካምቢዮውም ዘይቱን በጥርሱ እየፈጨ ያቀጥነዋል።

ታዲያ ሲንተቲክ ያስፈልጋል? ከተማ ውስጥ ለሚዞር የ100 ወይም የ150 ሲሲ ሞተር፣ ኤምኤ ያለበት ደህና ኖርማል ዘይት በሰዓቱ ከተቀየረ በቂ ነው። የተረፈውን ብር ለአየር ፊልትሮ አውሉት። ሁለት ሰውና ጆንያ ጭኖ ሐረጎን ለሚመላለስ፣ ወይም በውሃ የሚቀዘቅዝ ትልቅ ሞተር ለያዘ ግን ሲንተቲክ ዋጋውን ያወጣል።

አራት ጎማ ሞተር ያላችሁ ጥቂቶች ደግሞ ሌላ ጉዳይ አላችሁ። አንዳንዱ እንደ ሞተር ሳይክል የተዘፈቀ ፍሪሲዮን አለው፣ አንዳንዱ በደረቅ ቀበቶ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የእናንተ የትኛው እንደሆነ እወቁ። ዲፍረንሻሉ፣ ማለትም ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው የጥርስ ሳጥን፣ ደግሞ የራሱ ዘይት አለው። አንድ ደንበኛዬ የሞተሩን ዘይት በየጊዜው ሲቀይር የኋላውን ዲፍረንሻል ከገዛው ቀን ጀምሮ ከፍቶት አያውቅም ነበር። ስከፍተው የወጣው ዘይት ሳይሆን የብረት ብናኝ ያለበት ጭቃ ነው።

አንድ ምክር ልጨምር፣ ባዶ ጣሳችሁን እንዳለ አትጣሉ። ባዶ ጣሳ የሚገዙ ልጆች ጋራዤ ሲመጡ ክዳኑ ያለውንና ያልተጨረመተውን ይመርጣሉ። ለምን እንደሆነ እናንተ ገምቱ። እኔ ምስማር እመታበታለሁ።

የዚያ ልጅ ጣሳ ብቻ ሳይበሳ ቀርቷል። ገና ግማሽ ያህል አለው። የጋራዡ የብረት በር ሲንጫረር ማጠፊያው ላይ ጠብ አደርግለታለሁ።