ባትሪ «ሜሞሪ ይይዛል» ሲባል ምንድን ነው?

ባለፈው እሁድ ሠርግ ፎቶ አንስተን ስንመለስ ረዳቴ መኪና ውስጥ የካሜራውን ፍላሽ ወደ ጣሪያው አዙሮ ቴስቷን፣ የመሞከሪያ ቁልፏን፣ ይጫናል። ቧ! ቧ! ቧ! ዓይናችን ጠፋ።

«ምን ሆነሃል?»

«ሳያልቅ ቻርጅ ከተደረገ ሜሞሪ ይይዛል። ይኸው ፍላሹ ዝግጁ መሆኑን የምታሳየው መብራት እየዘገየች ነው የምትመጣው።»

ይህን ምክር ስንቴ ልስማ!

ሜሞሪ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ጠባይ ነው። ሁልጊዜ ልክ አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ እየተቋረጠ የሚሞላ ባትሪ፣ ከዚያ በታች ያለውን ጉልበት ሲጠየቅ ይለግማል። «ልክ አንድ ደረጃ» የምትለዋን ሁሉም ይዘላታል። የእኛ ሥራ ዛሬ 40 ብልጭታ፣ ነገ 400 ነው። በዚያ ላይ ዛሬ ፍላሽ ውስጥ የምንከተው የሚሞላ ድንጋይ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው። እሱም ትንሽ ይለግም ይሆናል፤ ግን ቻርጀር ላይ አንድ በአንድ ጉልበቱን አራግፎ መሙላት ይመልሰዋል። ፍላሽ ውስጥ ማራገፍ ሌላ ጣጣ ነው።

«ቢያልቅ ምን ይጎዳል?» ለሚል፦ አራቱ ድንጋዮች ቃሬዛ እንደያዙ አራት ሰዎች ናቸው። አንዱ ቀድሞ ይደክማል። ሰው ቢሆን «ቆይ፣ አሳርፉኝ» ይላል። ድንጋይ አይልም። ሦስቱ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ፤ የወደቀውንም ይጎትቱታል። ኤሌክትሪኩ በባዶው ውስጥ በግድ ሲያልፍ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ይገለበጥበታል። ያ ድንጋይ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አይሆንም። አዲስና አሮጌ መቀላቀልም ጎረምሳና ሽማግሌን አንድ ቃሬዛ ማሸከም ነው።

የራሱ ሊቲየም ባትሪ ያለው ፍላሽ ደግሞ ጭራሽ ሜሞሪ የሚባል ጭንቀት የለበትም። እሱን ባዶ አድርጎ ማስቀመጥ ነው የሚገድለው። ለወራት የማትነኩት ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ አኑሩት።

ደግሞ ባትሪውን ስላወጣችሁ ብቻ ፍላሹን እንዳትፈቱት። ለብልጭታው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር 300 ቮልት አካባቢ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

«እኔ ዓመታት ሙሉ እያራገፍኩ ምንም አልሆንኩም» የሚል አይጠፋም። ስንት ድንጋይ እንደጣለ ግን ቆጥሮ አያውቅም።

የመብራቷ መዘግየት? ድንጋዮቻችንን በማርከር «ሀ» እና «ለ» ብዬ በአራት በአራት ለይቻቸዋለሁ። ክዳኑን ስከፍት ሁለቱ የሀ፣ ሁለቱ የለ ናቸው።