የተሰነጠቀ የፊት እንጨት፦ የድሮ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ጥገና

የድሮ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ሲፈታ ሦስት ቦታ ይሆናል። አንዱ ጥንድ አፈሙዞቹ ናቸው። ሁለተኛው ሰደፉ ነው፤ ምላጩንና መምቻዎቹን ከያዘው የብረት ገላ ጋር። ሦስተኛው ትንሹ ነው፤ ከአፈሙዞቹ ሥር የሚገጠም፣ የፊተኛው እጅ የሚይዘው ቁራጭ እንጨት። እዚህ «የፊት እንጨት» እንለዋለን። ስለ ሰደፍ ጥገና የሚነበብ አይጠፋም። ስለ ፊት እንጨት ግን የሚገኘው ፍርፋሪ ነው፤ እዚህ አንድ አንቀጽ፣ እዚያ ከፓተንት ሥዕል ሥር አንድ መስመር። ይህ ዳሰሳ ያንን ፍርፋሪ ለመሰብሰብ የሞከረ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሥራው

ብዙ ሰው የፊት እንጨትን እጅ በጋለ ብረት እንዳይቃጠል የተቀመጠ ሽፋን ይመስለዋል። ሥራው ግን ከዚያ ያልፋል። ጠመንጃው ሲታጠፍ አፈሙዞቹ ከማጠፊያው ዘንግ እንዳይወጡ የሚይዛቸው እሱ ነው። እሱን አንሥታችሁ ጠመንጃውን ብታጥፉት አፈሙዞቹ እጃችሁ ላይ ይቀራሉ። በእንጨቱ ውስጥ የፊት ብረት አለ። የብረቱ የኋላ ጫፍ ጎድጎድ ብሎ በገላው ክብ ማጠፊያ ላይ ይንሸራተታል። መምቻቸው ውስጥ በተደበቀ ብዙ ጠመንጃዎች ላይ ደግሞ፣ አፈሙዙ ሲታጠፍ መምቻዎቹን የሚወጥረው ጉልበት የሚያልፈው በዚሁ ብረት በኩል ነው። ቀለህ አስፈንጣሪ ካለው የአስፈንጣሪው ሞላና መዶሻም እዚያው ተጨናንቀው ይቀመጣሉ።

ስለዚህ ጉልበቱን የሚሸከመው ብረቱ ነው። እንጨቱ በብረቱ ላይ የለበሰ ቅርፊት ነው፤ ጠርዙ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ብቻ የሚሆንበት ቦታ አለ። ብረቱ ቦታውን እንደያዘ እስካለ ቅርፊቱ መቶ ዓመት ይኖራል። ጣጣው የሚጀምረው ብረቱ መነቃነቅ ሲጀምር ነው።

ከሽብልቅ ወደ መቆለፊያ

ጠመንጃ በአፉ በኩል ይጎርስ በነበረበት ዘመን የፊት እንጨት ለብቻው የቆመ ክፍል አልነበረም። ከሰደፉ ጋር አንድ ወጥ እንጨት ነበር። አፈሙዙን ከእንጨቱ ጋር የሚያስረው በጎን የሚገባ ጠፍጣፋ ሽብልቅ ነው። በ1830ዎቹ ካዚሚር ለፎሾ የተባለው ፈረንሳዊ ታጥፎ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ አወጣ። ሥራው በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ ታየ። ብዙዎቹ የእንግሊዝ ሠሪዎች መጀመሪያ ላይ ፊት ነሱት፤ ውለው አድረው ግን ሁሉም ወደዚያው ሄዱ። ያኔ እንጨቱ ለሁለት ተከፈለ፤ የፊቱም የራሱን ሕይወት ጀመረ። ሽብልቁ ለጊዜው አብሮት ቆየ። ችግሩ ሽብልቅ በገባና በወጣ ቁጥር ቀዳዳውን እየበላ መሄዱ ነው። የዚያ ዘመን ጠመንጃ እጃችሁ ከገባ መጀመሪያ የምታዩት የቀዳዳውን ዙሪያ ይሁን።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1870ዎቹ ከበርሚንግሃም ነው። በ1872 ዊሊያም አንሰን የሚገፋ ዘንግ ያለው መቆለፊያ ፓተንት አወጣ። በእንጨቱ አፍንጫ ላይ ትንሽ ቁልፍ አለች። ስትጫኗት ዘንጉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ መንጠቆው ይለቃል፣ እንጨቱም ቁልቁል ይወርዳል። በሚቀጥለው ዓመት በ1873 ጆን ዲሊ ኤጅ ከተባለ ሰው ጋር ሆኖ ሌላ መፍትሔ አመጣ፤ ከእንጨቱ ሆድ ሥር በብረት ሳህን ውስጥ የተቀመጠ፣ በጣት የሚሳብ ምላስ። አንሰንና ዲሊ ሁለቱም ዌስትሊ ሪቻርድስ የተባለው የጠመንጃ ሠሪ ቤት ሰዎች ነበሩ። በ1875 ደግሞ አብረው መምቻው በገላው ውስጥ የተደበቀበትን ስመ ጥር አሠራር አወጡ። እስከ ዛሬ የሚሠሩ ባለ ሁለት አፈሙዞች አብዛኞቹ የእነዚህ ሦስት ዓመታት ልጆች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለጠጋኝ ይህ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ እንጨቱ የት እንደሚሰነጠቅ ይናገራል። በአንሰን ዘንግ ላይ እንጨቱ በቁመቱ ስለተበሳ አፍንጫው ይሳሳል፤ ስንጥቁ ከቁልፏ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሮጣል። በዲሊ ምላስ ላይ ሳህኑ መሀል ላይ ሰፊ ቦታ ስለወሰደ ግራና ቀኙ ቀጭን ድልድይ ሆኖ ይቀራል፤ የሚሰበረውም እዚያ ነው። በሞላ ብቻ የሚያዙት ደግሞ አፍንጫቸው ተይዞ በጉልበት ስለሚነቀሉ ሸክሙ ሁሉ በእንጨቱ ላይ ይወድቃል።

የአሜሪካ ጠመንጃ ሠሪዎቹ ፓርከር፣ ፎክስ፣ ኢትካና ኤል ሲ ስሚዝ የራሳቸውን መንገድ ሄዱ። ኋላ ላይ ሰፊውንና ወፍራሙን፣ ቢቨርቴይል የሚባለውን ዓይነት አስለመዱ። ቤልጂግ፣ ስፔንና ጣሊያን በብዛት የተከተሉት የእንግሊዙን ነው። አፈሙዞቻቸው ጎን ለጎን ሳይሆን ላይና ታች የሆኑት ጠመንጃዎች ደግሞ የፊት እንጨታቸው ጎን ከፍ ብሎ ስለሚሳሳ በቁመት ይሰነጠቃል።

ለምን ይሰነጠቃል

እንጨቱ ብዙውን ጊዜ ዋልነት ከሚባለው ዛፍ ነው። የአሜሪካው ጥቁር ዋልነት ከእርጥብነት እስከ ሙሉ ድርቀት ሲደርስ ከመሀል ወደ ቅርፊት 5.5 በመቶ ይሸማቀቃል፤ የዕድገት ቀለበቱን ተከትሎ ደግሞ 7.8 በመቶ። በቁመቱ ግን ምንም አይለው ማለት ይቻላል። ብረቱ በእርጥበት ምክንያት አይሰፋም አይጠብም። እንጨቱ በየወቅቱ ይተነፍሳል፣ ብረቱ ዝም ይላል። በመሀል ብሎኑ ይላላል።

ከላላ በኋላ እያንዳንዱ ተኩስ ብረቱን እንደ ትንሽ መዶሻ ከእንጨቱ ጋር ያጋጨዋል። እንጨቱ ከኋላ የብረት ገላውን የሚነካ ከሆነ ደግሞ ምቱ በቀጥታ ቀንዶቹን ያገኛል። ቀንድ የምለው በማጠፊያው ግራና ቀኝ የሚወጡትን ሁለት ሹል ጫፎች ነው። የመጀመሪያው ፍንጣሪ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከእነሱ ነው።

ሌላው ጠላት ዘይት ነው። ባለቤቱ ጠመንጃውን ስለሚወድ ያለልክ ይቀባዋል። ዘይቱ በብረቱ ሥር ይሰበሰባል፣ እንጨቱ ይጠጣዋል። ከዓመታት በኋላ እንጨቱ ይጠቁርና ይለሰልሳል፤ ብሎን መያዝም ያቅተዋል። በፍቅር የተበላሸ ጠመንጃ በጥይት ከተበላሸው ይበዛል ብዬ ባስብ አልሳሳትም።

መመርመርና መፍታት

ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል። ታጥፎ ሁለቱም ጎሬዎች፣ ማለትም ጥይቱ የሚቀመጥባቸው የአፈሙዞቹ የኋላ ቀዳዳዎች፣ በዓይንም በጣትም ይታያሉ። ከዚያ የፊት እንጨቱ ወርዶ ለብቻው ይወሰዳል።

ስንጥቁን ለማግኘት ቀላሉ ዘዴ አልኮል ነው። በጨርቅ እርጥብ አድርጋችሁ እንጨቱን አብሱት። ፊቱ በሰከንዶች ይደርቃል። ስንጥቁ ግን የገባበትን ስለሚይዝ እንደ ጥቁር ፀጉር ቀርቶ ይታያል። ከዚያ በሁለት አውራ ጣት ቀስ አድርጋችሁ ጠምዘዝ አድርጉት። መስመሩ ላይ የዘይት ላብ ብቅ ካለ ሥራው ከማጣበቅ በፊት በማጽዳት ይጀምራል ማለት ነው።

ቀጥሎ ብሎኖቹ። ቋንቋችን መሣሪያውን «ጠመንጃ መፍቻ» ብሎታል፤ ከሱቅ የሚገዛው ጠመንጃ መፍቻ ግን ለዚህ ጠመንጃ አይሆንም። የድሮ ብሎን ራሱ ላይ ያለው የመፍቻ መግቢያ ስንጥቅ እንደ ወረቀት ቀጭን ነው። የመፍቻው ምላስ ጎኑ ትይዩ ሆኖ፣ ስንጥቁን ሞልቶ እስኪቀመጥ በሞረድ መሳል አለበት። ካልሆነ ይንሸራተትና ብሎኑንም የተቀረጸውን ብረትም ይፍቃል። እምቢ ያለውን ብሎን ዘልቆ የሚገባ ዘይት ነክቶ ማሳደር፣ ከዚያ በብየዳ ካውያ ጫፍ ራሱን ማሞቅ ይረዳል። እያንዳንዱ ብሎን የራሱ ቀዳዳ አለው፤ ካርቶን ላይ በየቦታው ሰክቶ ማስቀመጥ ከብዙ ራስ ምታት ያድናል። የአስፈንጣሪው ሞላ ተወጥሮ ሊሆን ስለሚችል፣ አሠራሩን የማያውቅ ሰው እሱን ሳይነካ ብረቱን እንዳለ ቢያወጣ ይሻለዋል።

ዘይቱን ማውጣት

ዘይት የጠጣ እንጨት ላይ ምንም ማጣበቂያ አይዝም። የታወቀው ዘዴ የጠመኔ ዱቄትን በአሴቶን ለውሶ እንደ ሊጥ መለጠፍ ነው። አሴቶኑ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ጠመኔው ሲደርቅ ይመጠዋል። ነጩ ሊጥ ሲደርቅ ቡናማ ይሆናል። ተጠርጎ እንደገና ይለጠፋል። ሊጡ ነጭ ሆኖ እስኪደርቅ ይደጋገማል፤ ቀናት ሊወስድ ይችላል። አሴቶን እንደ ቤንዚን ስለሚቀጣጠል ሥራው ደጅ ቢሆን ጥሩ ነው፤ እሳት አጠገቡ አይደርስም።

አንዳንዶች የምድጃ ማጽጃ ኬሚካል ይረጩበታል። ዘይቱን ያወጣል፣ ግን እንጨቱንም ያቃጥለዋል፣ ቀለሙንም ያበላሻል። በዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ የለኝም፤ አታድርጉት።

ማጣበቅ

የድሮዎቹ ባለሙያዎች የሚጠቀሙት ከእንስሳ ቆዳ የሚፈላውን ሙጫ ነበር። ጥሩነቱ በሙቀትና በውኃ ተመልሶ መላቀቁ ነው። ድክመቱም ያው ነው። ዛሬ ብዙ ጠጋኞች ወደ ኢፖክሲ፣ ሁለት ነገር ተቀላቅሎ ወደሚጠጥረው ማጣበቂያ፣ ሄደዋል። ኢፖክሲ ለገበያ የቀረበው በ1940ዎቹ ነው። ሱፐር ግሉ የሚባለው ደግሞ በ1942 በኮዳክ ቤት በአጋጣሚ ተገኝቶ በ1958 መሸጥ ጀመረ።

ፀጉር የምታክል፣ አልከፈት ያለች ስንጥቅ ከሆነች ቀጭኑ ሱፐር ግሉ ይበቃል፤ ራሱ ተስቦ ይገባል። ከዚያ ለሰፋው ግን ቀስ ብሎ የሚደርቀው ኢፖክሲ ነው። በአምስት ደቂቃ የሚደርቀው ለዚህ አይሆንም፤ ውስጥ ሳይደርስ ይጠጥራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስንጥቁ በቀጭን የእንጨት ስንጥር ቀስ ተብሎ ይከፈታል፤ በጉልበት አይደለም። በደረቁ ተጨምቆ መግጠሙ ይታያል። እንጨቱ በፀጉር ማድረቂያ ለብ ይደረጋል። ኢፖክሲው ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ከአንድ ወገን ሲጨመር በሌላው ወገን ብቅ ይላል። ብቅ ሲል ነው ሞላ የሚባለው። የፊት ብረቱ በሰም በደንብ ተቀብቶ እንደ ቅርጽ ማስያዣ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሰሙን የረሳ ሰው ምን እንደሚገጥመው አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁለተኛ አልረሳሁም።

ለመጨበጥ ሞርሳ አይመከርም፤ የእንጨቱ ክብ ገጽ አይያዝለትም፣ ጥርሱም ይነክሳል። ከብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጠ የጎማ ጥብጣብ ግን ዙሪያውን እኩል ይጨብጣል። ማነቅ አያስፈልግም፤ ኢፖክሲው ሁሉ ተጨምቆ ከወጣ የሚይዝ ነገር አይቀርም። ትርፉ ሳይጠጥር በአልኮል ይጠረጋል። ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ አይነካም።

ስንጥቁ ረጅም ከሆነ ከውስጥ በኩል፣ ብረቱ በሚሸፍነው ቦታ፣ ቀጭን የናስ ዘንግ አግድም ገብቶ በኢፖክሲ ይያዛል። ወይም የመስታወት ክር ጨርቅ (ፋይበር ግላስ) ይለጠፋል። የጠፋ ቀንድ ካለ ጅማቱና ቀለሙ ከሚመስል አሮጌ ዋልነት ተቆርጦ ይተካል። የላላ ብሎን ቀዳዳ በእንጨት ሚስማር ተሞልቶ እንደገና ይበሳል። ይህ የመጨረሻው ከተዘለለ የተጠገነው ሁሉ ከጥቂት ተኩስ በኋላ ተመልሶ ይከፈታል፤ ስንጥቁ ውጤት ነው፣ ምክንያቱ የላላው ብረት ነበር።

ፊቱን መመለስና ክርክሩ

በብርጭቆ ወረቀት ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። እንጨቱ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ፊቱ የሚመለሰው በተልባ ዘይት ነው፤ በጣት ጠብታ ጠብታ እየተባለ፣ በመዳፍ እየታሸ፣ ቀን እየተሰጠው። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ራሱ ግሎ እሳት ያነሣል። ተዘርግቶ ይድረቅ። እጅ እንዳይንሸራተት የተቀረጸው መረብ መሰል ጥልፍልፍ ላይ ስንጥቁ ካለፈ፣ መስመሮቹ በትንሽ መቅረጫ ይታደሳሉ፤ የጥገናው ጠባሳ በመስመሮቹ መሀል ይጠፋል።

የሚያከራክረው ምን ያህል ማደስ ይገባል የሚለው ነው። ሰብሳቢዎች ጥገናው ምንም ቢያምር የፊቱ ቀለም መነካት የለበትም ይላሉ፤ ዋጋውም በዚያ ይወርዳል ይባላል። ለአደን የሚጠቀሙበት ግን ጥንካሬውን ይመርጣሉ። በሽቦ ወይም በእርጥብ ቆዳ የታሰሩ የድሮ ጥገናዎችን መፍታት ተገቢ ነው አይደለም በሚለውም አይስማሙም። ሁለቱም ወገን የራሱ ምክንያት ሳይኖረው አልቀረም። በውስጥ በኩል ኢፖክሲ መጠቀም ግን ጥያቄ የሚያስነሣ አይመስለኝም።

ሲገጠም እንጨቱ ከኋላ የብረት ገላውን መንካት የለበትም፤ ቀጭን ወረቀት በመሀላቸው ማለፍ አለበት። የብሎኖቹ ራስ ላይ ያሉት የመፍቻ ስንጥቆች ደግሞ ከአፈሙዙ ጋር በአንድ አቅጣጫ ይቁሙ። ጥሩ ሠሪ እንዲያ ትቶት ነበርና።

ብረቱ ከመመለሱ በፊት የእንጨቱን ውስጥ በብርሃን ማየት ደግ ነው። አንዳንድ ጊዜ የጠመንጃው ቁጥር ተመትቶበት ይገኛል፤ አንዳንዴም የሠራተኛ ምልክት ወይም ሁለት ፊደል። በአፈሙዙ ላይ በወርቅ የተጻፈው የቤቱ ስም ነው። እንጨቱን የጠረበው ሰው የፈረመው እዚህ ብቻ ነው። ኢፖክሲው እዚያ ላይ እንዳይፈስ አስቀድማችሁ በሰም ሸፍኑት።