«ፀሐይ ትቁም» ያለው ኢያሱ እና የኬፕለር 8 ደቂቃ

የተወደዳችሁ ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። «ሳይንስ ዛሬ የደረሰበትን መጽሐፍ ቅዱስ ድሮ ተናግሮታል» የሚል መልእክት መቼም ደርሷችኋል። ማስረጃው ብዙ ጊዜ ኢዮብ 26፡7 ነው፤ እግዚአብሔር ምድርን በባዶ ላይ እንዳንጠለጠላት የሚናገረው። ደስ የሚል ቃል ነው። ግን እዚያው መጽሐፍ ላይ፣ 9፡6፣ ምድር ምሰሶ እንዳላት ተጽፏል። ይሄንን የሚለጥፍ የለም። አንዱን «ሳይንስ ነው» ሌላውን «ቅኔ ነው» የምንለው ማን ፈቅዶልን ነው? ሁለቱም ቦታ ላይ የሚወራው ስለ ፈጣሪ ኃይል ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ2ኛው መቶ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው የሥነ ፈለክ ሊቅ ቶለሚ ምድርን መሃል አድርጎ ፀሐይንና ፕላኔቶችን በዙሪያዋ አዞራቸው። ስሌቱ ለጊዜው ጥሩ ነበር፣ ከሺህ ዓመት በላይም አገልግሏል። ሐሳቡ የመጣው ከግሪክ ፍልስፍና እንጂ ከሙሴ አልነበረም፤ ቆይቶ ግን «ምድር አትናወጥም» የሚለው መዝሙር 104፡5 እና የኢያሱ 10 ፀሐይ ተለጠፉበትና እንደ እምነት ነገር ተቆጠረ። ፖላንዳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኮፐርኒከስ እ.ኤ.አ. በ1543 ፀሐይን መሃል ያደረገበትን መጽሐፍ አሳተመ፤ እሱ ራሱ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። በ1616 የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፉን እስኪታረም ብላ አገደችው፤ በ1633 ደግሞ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች በሚለው በጋሊሊዮ ላይ ፈረደችበት። ለእግዚአብሔር ቃል የቆሙ መስሏቸው ለቶለሚ ዘብ ቆሙ።

እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው ኬፕለርን ነው። ሥነ መለኮት የተማረ፣ አገልጋይ ለመሆን ያሰበ፣ ኋላ ግን የሥነ ፈለክ ሊቅ የሆነ ሰው ነው። ያኔ ሁሉም፣ ኮፐርኒከስም ጭምር፣ የሰማይ አካላት የሚሄዱት በክብ መንገድ ነው ይል ነበር፤ ክብ ፍጹም ነዋ! ኬፕለር የማርስን መንገድ በክብ ለማስላት ብዙ ደከመ፣ ተሳካለት ማለት ይቻላል፣ ሰማይን በጥንቃቄ ሲለካ ከኖረው ከታይኮ ብራሄ ልኬት ጋር ሲያስተያየው ግን የ8 ደቂቃ ልዩነት መጣ። የሰዓት ደቂቃ አይደለም፣ የማዕዘን ነው፤ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሩብ ያህላል። ታይኮ ደግሞ ያን ሁሉ የለካው ያለ ቴሌስኮፕ፣ በዓይኑ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ይህቺማ ምን አላት» ብሎ ያልፋት ነበር። ኬፕለር ግን እንዲህ ያለ ትጉህ ተመልካች የሰጠን የእግዚአብሔር ቸርነት ነው፣ ስጦታውን በምስጋና ልንቀበል ይገባል ብሎ ጻፈ። ምስጋናው ምን ነበር መሰላችሁ? የደከመበትን ስሌት ጥሎ እንደገና መጀመር። በ1609 ባሳተመው መጽሐፍ መንገዱ ሞላላ መሆኑን አሳየ። በዚያው መጽሐፍ መግቢያ ላይ የኢያሱንም ጥያቄ አንስቷል፦ መጽሐፍ ቅዱስ ለሰው የሚናገረው ሰው በሚያየው ልክ ነው ይላል። እኛስ እስከ ዛሬ «ፀሐይ ወጣች» አይደል የምንለው?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ቢግ ባንግ ለሚባለው፣ ዩኒቨርስ እጅግ ከታመቀ ሁኔታ ተነሥቶ እየሰፋ መጣ ለሚለው ሐሳብ መነሻ የሆነውን ሥራ በ1927 እና በ1931 ያቀረበው ዦርዥ ለሜትር የካቶሊክ ቄስ ነበር። ይሄን ስንሰማ «በቃ፣ ዘፍጥረት 1፡1 ተረጋገጠ!» ማለት ያምረናል። በ1951 ጳጳሱ ፒዮስ 12ኛ ወደዚያ የሚጠጋ ንግግር ሲያደርጉ ቄሱ አልተደሰተም። ጸሎቱን አላቋረጠም፣ ሳይንሱን ግን ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ ያየው ነበር።

ትክክል ይመስለኛል። የዛሬው ሞዴል ራሱ ከዋክብቱም፣ ፕላኔቶቹም፣ በመካከላቸው ያለው ጋዝም፣ እኛም ተደምረን የዩኒቨርስ 5% ገደማ ነን ይላል፤ የቀረው «ጨለማ ቁስ» እና «ጨለማ ኃይል» ይባላል፣ ምንነቱ እስካሁን አልታወቀም። ነገ ይሄም ሞዴል እንደ ቶለሚ ቢቀየር፣ ዘፍጥረትን እሱ ላይ ያሰርን ሰዎች ያስተማርናቸውን ልጆች ምን ልንላቸው ነው?